ማይክሮፕላስቲክና አንቲባዮቲክ ሲገናኙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማይክሮፕላስቲክና አንቲባዮቲክ አንድ ላይ ሆነው ስለሚያስከትሉት ጥምር ብክለት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው የቱ ነው?

ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቁራጭ ሁሉ ማይክሮፕላስቲክ ነው። ምስር ከሚያህለው ጀምሮ በዓይን እስከማይታየው ድረስ ያለው በዚሁ ስም ይጠራል። ከ1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች የወረደውን ብዙዎች ናኖፕላስቲክ ይሉታል። ቃሉን በሳይንስ ዓለም ያስለመደው የእንግሊዙ ፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ነው።

ጥቂቱ ገና ሲመረት ደቃቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ፊት መታጠቢያ ሳሙና ውስጥ ይጨመሩ የነበሩት ጥቃቅን እንክብሎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው፤ አሜሪካ በ2015 ባወጣችው ሕግ ከልክላቸዋለች። አብዛኛው ግን ከትልቅ ዕቃ የተፋቀና የተሰባበረ ነው። የመኪና ጎማ አስፋልት ላይ ያልቃል፣ ቀለም ይላላጣል፣ ፌስታል ፀሐይ ላይ ይፈረካከሳል። ልብስ እንኳ አይቀርም። 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ በአንድ የማሽን እጥበት ከ700,000 በላይ ክሮች ሊለቅ እንደሚችል በ2016 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

አንቲባዮቲክ ሰው የሚውጠው መድኃኒት አይደል? ወንዝ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ውጠነው እዚያው አያልቅም። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ30 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሳይለወጥ በሽንትና በሰገራ ተመልሶ ይወጣል። ለከብት፣ ለዶሮና ለዓሣ እርባታ የሚሰጠውም እንደዚያው ነው። ጊዜው አልፎበት ሽንት ቤት የሚደፋውን ደግሞ ጨምሩበት።

የባሰው የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ሕንድ ውስጥ፣ ሃይደራባድ አጠገብ ያለችውን ፓታንቼሩን ተመልክቷል። የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከሚያጣራው ጣቢያ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን (በአጭሩ ሲፕሮ) የተባለው አንቲባዮቲክ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ተገኘ። ሲፕሮ እየወሰደ ያለ ታማሚ ደም ውስጥ የሚገኘው ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ያውም ይህ ተጣርቷል የተባለው ውሃ ነው!

ሁሉም አንቲባዮቲክ ግን ውሃ ውስጥ እኩል አይቆይም። አሞክሳሲሊንና የፔኒሲሊን ዘመዶቹ ቶሎ ይፈርሳሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ፀሐይ ካገኘው ይበታተናል፤ ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ግን ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሁለቱ የት ነው የሚገናኙት?

ከሁሉም በላይ ፍሳሽ ውስጥ። የልብስ እጥበቱ ውሃና የሽንት ቤቱ ውሃ አንድ ቱቦ ውስጥ ሲገቡ ፕላስቲኩ፣ መድኃኒቱና የአንጀት ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ከዚህ የተመቸ መገናኛ አስቡ ብትባሉ የምታገኙ አይመስለኝም።

የዓሣ እርባታም ሌላው ቦታ ነው። መረቡ፣ ገመዱና ተንሳፋፊው ፕላስቲክ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ውሃው ላይ ይበተናል። እርሻ ማሳ ላይም ይገናኛሉ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ላይ እንዴት ይጣበቃል?

«ፕላስቲክ እንደ ማግኔት መርዝ ይስባል» የሚለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። አባባሉ የመጣው እንደ ተባይ ማጥፊያው ዲዲቲ ካሉ ውሃ ከሚሸሹና ቅባት ከሚወዱ ኬሚካሎች ነው። እነሱ ፕላስቲክ ሲያገኙ በእርግጥ ይለጠፋሉ። ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ግን ውሃ ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ የማግኔቱ ምሳሌ እዚህ በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው።

አንቲባዮቲክን የሚይዘው በአመዛኙ የኤሌክትሪክ ሙሌት መሳሳብና የሃይድሮጅን ትስስር ነው። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 5 አንቲባዮቲኮችን በ5 የፕላስቲክ ዓይነቶች ላይ ሞክሮ ነበር። ብዙውን ያነሣው ናይለን ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት ነው፣ ለሃይድሮጅን ትስስርም ይመቻል። እነዚያው ቅንጣቶች ጨዋማ የባሕር ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን የያዙት መጠን ቀነሰ። ጨው መቀመጫ ይሻማል።

የውሃው አሲድነትም ነገሩን ይለውጠዋል። ቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ እንደ ውሃው ፒኤች (የአሲድነት ልክ) አንዴ ፖዘቲቭ፣ አንዴ ኔጌቲቭ፣ አንዴ ሁለቱንም ሙሌት ይዞ ይገኛል። ስለዚህ «ይህ ፕላስቲክ ይህን ያህል መድኃኒት ይይዛል» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ «በየትኛው ውሃ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያረጀ ፕላስቲክ ከአዲሱ ይብሳል?

አዎ፣ በአብዛኛው። ፀሐይ ሲመታው ገጹ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ በበዛ ቁጥር መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታ ይሰፋል። ከዚህም ሌላ ኦክስጅን ያለባቸው የኬሚካል ቡድኖች ይፈጠሩበታልና ውሃ ወዳጅ መድኃኒቶችን መያዝ ይጀምራል። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ለስላሳ እንክብልና ወንዝ ውስጥ ዓመታት የኖረ ቁራጭ፣ ሁለቱም የፌስታል ፕላስቲክ የሆነው ፖሊኢትሊን ቢሆኑ እንኳ፣ ጠባያቸው አይገናኝም።

ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ከውሃው ላይ ካነሣልን ታዲያ ምን ችግር አለው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነትም አንዳንድ ሙከራዎች ላይ ፕላስቲክ ሲጨመር መድኃኒቱ አልጌዎች (ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዕፅዋት መሰል ደቃቅ ፍጡራን) ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀንሶ ታይቷል።

ግን ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ይዞ ነው የሚያቆየው፤ አያጠፋውም። የጨዉ ወይም የአሲዱ መጠን ሲለወጥ፣ ወይም አንድ ዓሣ ቅንጣቷን ሲውጣት፣ የተያዘው መልሶ ሊለቀቅ ይችላል። ሌላም አለ። ውሃው ውስጥ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ የሚሳሳው መድኃኒት አሁን አንዲት ነጥብ ላይ ተከማችቷል። እዚያችው ነጥብ ላይ ደግሞ ባክቴሪያዎች ሰፍረዋል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፕላስቲኩ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ምን ያደርጋሉ?

ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ በገባ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያ ይለጠፍበታል። ቀናት ሲያልፉ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ ባዮፊልም ይባላል፤ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ረግጣችሁ አዳልጧችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። በ2013 ተመራማሪዎች ፕላስቲክ ላይ ለሚፈጠረው ማኅበረሰብ «ፕላስቲስፌር» የሚል ስም አወጡለት።

ውሃ ውስጥ ብቻውን የሚዋኝ ባክቴሪያ ሌላውን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ባዮፊልም ውስጥ ግን ትከሻ ለትከሻ ነው የሚኖሩት። ጎረቤት ዕቃ እንደሚዋዋሰው ዘረመል ይዋዋሳሉ። ፕላስሚድ የምትባል ትንሽ ክብ የዲኤንኤ ቀለበት አለች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ትተላለፋለች፣ ያውም አንዳንዴ ዝርያ ሳትመርጥ። ያቺ ቀለበት መድኃኒት የመቋቋሚያ ዘረመል ከያዘች ተቀባዩ በአንድ ጊዜ መድኃኒት የማይበግረው ይሆናል። ምንም ጉዳት የሌለው የወንዝ ባክቴሪያ በሽታ አምጪ ለሆነው ሊያስተላልፍ ይችላል። በ2018 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ ፕላስቲክ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ በነፃ ከሚንሳፈፉት ይልቅ ፕላስሚድ አብዝተው እንደሚለዋወጡ አሳይቷል።

ባዮፊልሙ ራሱም ጋሻ ነው። ሙጫ መሰሉ ሽፋን መድኃኒቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያዘገየዋል፤ ከታች ያሉት ደግሞ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ለብዙ አንቲባዮቲኮች አይመቹም። በዚያ ላይ ፕላስቲኩ መዳብና ዚንክም ይይዛል። ብረት የመቋቋሚያ ዘረመልና መድኃኒት የመቋቋሚያ ዘረመል ብዙ ጊዜ አንድ ፕላስሚድ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲመረጥ ሌላው አብሮ ይሄዳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ የጥምር ብክለቱ ዋና ጣጣ ይህ ነው። ብዙ ጽሑፎች ፕላስቲኩን «መርዝ ተሸካሚ» እያሉ እዚያው ያቆማሉ። የተሸከመው መድኃኒት ኢምንት ሊሆን ይችላል። የባክቴሪያ መሰብሰቢያ መሆኑ ነው የሚያሳስበው።

ወንዝ ውስጥ ያለው መድኃኒት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባክቴሪያን የማይገድል መጠን እንዴት ያላምዳል?

ባክቴሪያን ለማላመድ መግደል አያስፈልግም፤ ማዘግየት ይበቃል። ሁለት ሯጮች አስቡ። አንደኛው እግሩ ላይ ትንሽ አሸዋ ቢታሰርበት አይወድቅም፣ ሩጫውንም አያቋርጥም። ውድድሩ ረጅም ከሆነ ግን መቅረቱ አይቀርም። ባክቴሪያ በቀን ብዙ ጊዜ ይራባል፤ ውድድሩ ረጅም ነው።

በ2011 የስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በቁጥር አሳዩ። መድኃኒቱ የተለመደውን ባክቴሪያ እድገት ለመግታት ከሚያስፈልገው መጠን በመቶዎች እጥፍ ቢያንስም የተላመደው ባክቴሪያ አሸናፊ ሊሆን ይችላል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን እንደሚያላምድ አስጠንቅቆ ነበር። የተበከለ ወንዝ በየቀኑ፣ ሳያቋርጥ፣ አሳንሶ የሚወስድ ታማሚ በሉት።

አንቲባዮቲክ ባይኖርስ? ፕላስቲክ ብቻውን ያላምዳል?

በ2025 የታተመ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሙከራ እንደሚያላምድ ያመለክታል። ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ከተለያዩ ማይክሮፕላስቲኮች ጋር አሳድገው በ4 አንቲባዮቲኮች ፈተኑት። ከፕላስቲክ ጋር ያደገው ይበልጥ ተላምዶ ተገኘ። ከፕላስቲኮቹ መካከል የባሰው ፎም የሚሠራበት ፖሊስታይሪን ነበር። መድኃኒት ባልተጨመረበት ጊዜም የመላመድ ምልክት ታየ። ጠርሙስ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ነው፤ ወንዝ አይደለም። ቢሆንም «መድኃኒቱን ካስቀረን ጣጣው አለቀ» ለሚሉት መልስ አለው።

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች አያስቀሩትም?

ፕላስቲኩን ከውሃው ላይ ያስቀሩታል። ጥሩ ጣቢያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያነሣል። ግን የት ሄደ? ዝቃጩ ውስጥ ገባ። በብዙ አገሮች ዝቃጩ ደርቆ ማዳበሪያ ይሆናል። ስለዚህ ከወንዙ ያስቀረነውን ማሳ ላይ ነው የበተንነው።

ለመድኃኒቱ ደግሞ የተለመዱት ጣቢያዎች አልተሠሩም፤ የተሠሩት ቆሻሻን ለመቀነስ ነው። አንዳንዱን አንቲባዮቲክ ያፈርሱታል፣ አንዳንዱ እንዳለ ያልፋል። ኦዞን የተባለ ጋዝና አክቲቬትድ ካርቦን የተባለ ልዩ ከሰል የሚጠቀም ተጨማሪ ደረጃ ሲገባ ውጤቱ በጣም ይሻላል፤ ዋጋውም ዝም ብሎ አይቀመስም። እስከዚያው ግን ጣቢያው ራሱ ፕላስቲክ፣ መድኃኒትና በጣም ብዙ ባክቴሪያ በአንድ ገንዳ ውስጥ ለሰዓታት የሚያማስል ቦታ ነው። ያም ሆኖ ያለ ጣቢያ ፍሳሹን በቀጥታ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ከዚህ እጅግ የከፋ ነው።

እርሻ ማሳ ላይስ?

ፕላስቲኩ በሦስት መንገድ ይገባል፦ በዝቃጩ፣ አፈር ለማልበስ በሚዘረጋው ላስቲክ፣ እና በመስኖ ውሃ። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍግ ጋር ይመጣል። ቴትራሳይክሊን የሸክላ አፈርን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰልፋ የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ግን ከውሃ ጋር ወደ ታች ይሰርጋሉ። አፈር ራሱ መድኃኒት ስለሚይዝ እዚህ የፕላስቲኩ የተሸካሚነት ድርሻ ከውሃው ያንሳል። የባክቴሪያ ሰፈርነቱ ግን እዚህም አለ።

እና ጤናዬን ይጎዳኛል? ዓሣ መብላት ላቁም?

አታቁሙ። ማይክሮፕላስቲክ በአብዛኛው የሚገኘው የዓሣው አንጀት ውስጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ አንበላም። እንደ ኦይስተር ያሉት፣ ከነአንጀታቸው የሚበሉት ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት፣ ትንሽ ይለያሉ። ከአንዲት ቅንጣት ላይ ወደ ሰውነታችን የሚገባው አንቲባዮቲክ አንድ ክኒን ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም።

ፕላስቲኩ ሰውነት ውስጥ መግባቱ ግን ወሬ አይደለም። በ2022 በኔዘርላንድስ የታተመ ጥናት ደም ከሰጡ 22 ሰዎች በ17ቱ ደም ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ150 ማይክሮሜትር የሚበልጡት ወደ ሰውነት ይሰርጋሉ ተብሎ አይጠበቅም ብሏል። ትናንሾቹ ናቸው አነጋጋሪዎቹ።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ዞሮ ነው። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ተገምቷል። ችግሩ አስተዋጽኦ ያደረገባቸው ሞቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። «ከዚህ ውስጥ ይህን ያህል በመቶው በፕላስቲክ ምክንያት ነው» የሚል ፖስት ካያችሁ ሼር አታድርጉት። የችግሩ ዋና ሞተር አሁንም አንቲባዮቲክን ያለ አግባብ መጠቀም ነው፤ የንጹሕ ውሃና የመጸዳጃ እጦትም አብሮት አለ።

ውሃ ማፍላት ይረዳል?

ባክቴሪያውን ይገድላል። ፕላስቲኩን ግን አያጠፋውም። አንድ ደስ የሚል ግኝት አለ፦ በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ኖራ የበዛበት ውሃ ሲፈላ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን ይዞ እንደሚቀር አሳዩ። ኖራው በጣም የበዛበት ውሃ ላይ እስከ 90 በመቶ ቀንሷል፤ ለስላሳው ውሃ ላይ ግን ትንሽ ብቻ። ነጩን ዝቃጭ በወንፊት ማስቀረት እንዳይረሳ።

የሚበሰብሰውን ፕላስቲክ ብንጠቀም አይሻልም?

«የሚበሰብስ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው የሚበሰብሰው ሙቀቱ በተስተካከለ የኮምፖስት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ሊሰባበር ይችላል፤ መሰባበር ግን መበስበስ አይደለም። እንዲያውም ማይክሮፕላስቲኩን ሊያፋጥነው ይችላል። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ አንዳንድ ሙከራዎች ላይ የቧንቧ ፕላስቲክ ከሆነው ፒቪሲ የበለጠ አንቲባዮቲክ ይዞ ተገኝቷል።

ሕግ የለውም እንዴ?

ለየብቻቸው አለ፤ ለጥምረታቸው ግን ገና ነው። የፕላስቲክ ብክለትን ለመግታት የታሰበው ዓለም አቀፍ ስምምነት ድርድር በ2022 ናይሮቢ ላይ ተወስኖ ተጀመረ። በ2024 መጨረሻ ቡሳን ላይ፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ጄኔቫ ላይ ያለ ስምምነት ተበተነ። በመድኃኒቱ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2024 ስለ አንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የመጀመሪያውን መመሪያ አወጣ።

ሁለቱን በጥቂቱ ያቀራረበው የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የከተማ ፍሳሽ ሕግ ነው። በጥር 2025 ሥራ ላይ ውሏል። ማይክሮፕላስቲክም መድኃኒት መላመድም ክትትል እንዲደረግባቸው ያዛል። ለተጨማሪው የማጣራት ደረጃ ከሚወጣው ወጪ ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲከፍሉም ይላል። አምራቾቹ አልወደዱትም፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል።

እኔ ምን ላድርግ?

አንቲባዮቲክ ለጉንፋን አትውሰዱ፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፣ መድኃኒቱ አይነካውም። የታዘዘላችሁን እንደታዘዘው ውሰዱ። የተረፈውን ሽንት ቤት አትድፉ፤ የሚቀበል ፋርማሲ ካለ መልሱ። ልብስ ስታጥቡ ማሽኑን ሞልታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፤ መፋተጉ ስለሚቀንስ ክር የሚለቀውም ይቀንሳል። ከዚህ ያለፈው የማጣሪያ ጣቢያና የፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ ሸክሙን ሁሉ ግለሰብ ላይ መጫን አይመቸኝም።

ጥናቶቹ ለምን እርስ በርስ ይጋጫሉ? አንዱ «ይብሳል»፣ ሌላው «ይቀንሳል» ይላል።

ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚጠቀሙት አዲስ፣ ክብ፣ ንጹሕ የፖሊስታይሪን እንክብል ነው። ወንዝ ውስጥ የሚበዛው ግን ያረጀ ክርና ስብርባሪ ነው። መጠኑም ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮው በሺህ እጥፍ ይበልጣል። ለምን ቢባል በትንሽ መጠን ውጤቱን ማየት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው።

የተሞከረበት ፍጡርም ወሳኝ ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት ስማቸው አልጌ ይሁን እንጂ ባክቴሪያ ናቸው፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ክፉኛ ይጎዳቸዋል። አረንጓዴው አልጌ ላይ ያን ያህል አይደለም። አንዱ ጥናት በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከሠራ መደምደሚያቸው ቢለያይ አይገርምም። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

አሸዋና እንጨትም እኮ ባክቴሪያ ይይዛሉ። ፕላስቲክ በምን ይለያል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩ ገብቶታል። ወንዝ ውስጥ ያለው የአሸዋ፣ የደለልና የቅጠል ብዛት ከማይክሮፕላስቲኩ ጋር አይወዳደርም። መድኃኒት በመያዝ ብቻ ከሆነ ደለሉ ይበልጠዋል። አንዳንድ ጥናቶች ላይም እንጨት ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ፕላስቲክ ላይ ካለው ብዙም አልተለየም።

ልዩነቱ ጉዞው ላይ ነው። አሸዋ ይሰምጣል፤ ቅጠል ይበሰብሳል፤ እንጨትም ቀስ እያለ ያልቃል። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀልላሉ፣ አይበሰብሱም። ከሆስፒታል ቱቦ የተነሣች ቅንጣት ነዋሪዎቿን እንደያዘች ወንዙን ጨርሳ ባሕር ልትደርስ ትችላለች። በ2016 የታተመ ጥናት ከሰሜን ባሕርና ከባልቲክ ባሕር በተሰበሰቡ ማይክሮፕላስቲኮች ላይ ሰውን ሊያሳምም የሚችል ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ አግኝቷል።